ትርፏ አንድ ብር

የኮንዶሚኒየማችን የውሃ ፓምፕ ተጠግኖ ሲያበቃ 30,031 ብር ተረፈ። መዋጮ ሲጎድል እንጂ ሲተርፍ አይተን አናውቅምና አዳራሹ ጢም አለ። ገንዘቡ ሲሰበሰብ "ከተማ የለሁም" ያለው ሁሉ ለክፍፍሉ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ።

ዝርዝሩ ላይ 60 ቤት አለ። ሒሳብ ሹሟ ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና "ለእያንዳንዱ 500 ብር ከ50 ሳንቲም። አንድ ብር ትተርፋለች" አለች።

የታክሲ ረዳት እንኳ "መልስ" ብሎ የማይሰጣት አንድ ብር ስብሰባውን አተራመሰችው። ግማሹ ለጥበቃው ትሰጥ አለ። እኔ ተነስቼ "የሕዝብ ገንዘብ ናት፣ ኦዲት ትደረግ!" አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

"በሰው ቀርቶ በብሎክ ይካፈል" ተባለ። ብሎኩ 5 ነው። አንድ ብር ተረፈች። በመግቢያ በር ተሞከረ፣ 10 ነው። አሁንም ያቺው ብር!

ጥግ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሳቃቸው አመለጣቸው። ሁላችንም "ቲቸር" ነው የምንላቸው።

"ይህቺን ብር የላካት ዩክሊድ ነው" አሉ። "የዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ እስክንድርያ ላይ ያስተምር የነበረው። ከራሳቸውና ከአንድ በቀር ምንም የማያካፍላቸውን ቁጥሮች፣ 2ን፣ 3ን፣ 5ን፣ 7ን፣ 11ን፣ 13ን አባዟቸው። 30,030 ይመጣል። አንድ ጨምሩበት። አሁን ከስድስቱ በየትኛውም ብታካፍሉት አንድ ይተርፋችኋል።"

እንደ ስድስቱ ያሉ ቁጥሮች "ብቸኛ ቁጥር" ይባላሉ። (ላጤ ማለት አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።) የዩክሊድ ተንኮል ይኼ ነው፦ ስንቱንም ብቸኛ ቁጥር ዘርዝረህ ብታባዛና አንድ ብትጨምር፣ የሚመጣውን የሚያካፍለው ብቸኛ ቁጥር ከዝርዝርህ ውጭ ነው። ስለዚህ ማለቂያ የላቸውም።

"እንግዲያው 30,031 ራሱ ብቸኛ ነዋ!" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ፊታቸው በርቶ። "የማይካፈል ከሆነ እኔ ጋ ይቀመጣል።"

"አይቸኩሉ" አሉ ቲቸር። "እስከ 173 ልሞክር። ተባዝተው 30,031 የሚሰጡት ሁለት ቁጥሮች ሁለቱም ከዚያ የበለጡ ከሆኑማ ብዜታቸው ገንዘቡን ያልፈዋል።" የደረሰኝ ጀርባ ላይ ማካፈል ጀመሩ። 17። 19። 23። በ31 ላይ ሁለት ሰው ሹልክ ብሎ ወጣ። በ47 ላይ መብራት ሄደ። በስልክ መብራት ቀጠሉ።

በ59 ላይ እስክሪብቷቸውን ወረወሩ።

"59 ሲባዛ በ509! ልክ 30,031! 59 ብንሆን እኮ ለእያንዳንዳችን 509 ብር ደርሶን ሰባራ ሳንቲም አትተርፍም ነበር።"

"እኛ ግን 60 ነን" አለ አንዱ።

"አንድ ሰው በዝቷላ።"

ሒሳብ ሹሟ የመዋጮውን መዝገብ አወጣች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ስም በስም ወረደ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም!" እያልኩ ወጣሁ። ማንም አልደወለልኝም ነበር።