ስንት ከፈልክ?

ጭስ ማውጫዬን ለማስጠረግ 74 ዩሮ መክፈሌን ቡና ላይ በማንሳቴ የወረደብኝ ወቀሳ፣ ቤቱን በእሳት ባጋየው እንኳ የሚወርድብኝ አይመስለኝም። ፍራንክፈርት አካባቢ የምንኖር ብዙዎቻችን ከቅዳሴ መልስ ሰው ቤት ተሰብስበን ነበር። ዋጋውን ተናግሬ ሳልጨርስ ሦስት ሰው በአንድ ድምፅ «ተበላህ!» አለኝ። አንደኛው ቆሎ በአፉ ሞልቶ ስለነበር ቃሉ በቅጡ አልወጣለትም፤ ቆሎውን ውጦ ደገመው። «ለጥቀርሻ? መሰላል አቁመህ፣ ብሩሽ ገዝተህ ራስህ አትጠርገውም?» ይህን ያለኝ ወዳጄ አዲስ አበባ ሳለ አምፖል ሲቃጠልበት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪመጣለት በሻማ የሚያመሽ ሰው ነበር። ባሕር ተሻግሮ ቪዲዮ ማየት ከጀመረ ወዲህ ግን የማይችለው ሙያ የለም።

ላስረዳው ሞከርኩ። ጀርመን አገር ጣሪያው የአንተ ነው፣ የባንክ ዕዳውም የአንተ ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ግን መንግሥትም ድርሻ አለው። አገሩ በሙሉ በጠራጊ ወረዳዎች ተሸንሽኗል፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ ለ7 ዓመት የሚሾም ባለሙያ አለ። እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ማብቂያ ድረስ፣ በአመዛኙ፣ ከእርሱ በቀር ሌላ መጥራት አይቻልም ነበር። ዛሬ ለመጥረጉ የፈለጉትን መምረጥ ይቻላል፤ ምድጃውን የሚመረምረውና የማስጠረጊያውን ማዘዣ የሚጽፈው ግን አሁንም የወረዳው ሹም ነው። መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ 13ኛ አንቀጽ እንኳ ለዚህ ሰው ሲባል ገደብ ተደርጎበታል፤ የጠራጊዎቹ ሕግ ራሱ በግልጽ ይናገረዋል። ባለቤቱ ራሴ ልጥረገው ቢልስ? በሙያው ካልተመዘገበ የጠረገው እንዳልተጠረገ ይቆጠራል። መጠረጉን የሚያረጋግጠው ወረቀት በባለሙያ ተሞልቶ ካልደረሰ መሥሪያ ቤቱ በአንተ ወጪ ሰው ልኮ ያስጠርገዋል።

ይህን ሁሉ ረጋ ብዬ ተናገርኩ። ወዳጄ አዳመጠኝ፣ ስኒውን አስቀመጠ፣ ከዚያ «ታዲያ ጣሪያ ላይ ማን ያይሃል?» አለ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት እንደምወደው የምወደው ተረት የለም። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብብቷ ውስጥ የነበረው ምን እንደሆነ አይነገረንም። ጠላ የያዘ ቅል ነው? የጎረቤት ሰፌድ ነው? ቆጡ ላይስ ምን ቢኖር ነው እንዲህ ያስቸኮላት? እኔ እንደምጠረጥረው ከታች ቆሞ «ተንጠራሪ፣ አይዞሽ፣ ለዚህ ደግሞ ሰው ይጠራል?» የሚላት ሰው ነበር። ተረቱ እርሱን ዘሎታል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜም ይዘለላል። ወዳጄ ራሱ የቧንቧ ሠራተኛ የጠየቀውን ዋጋ ሰምቶ በንዴት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ በገዛ እጁ ጠግኗል። ከሥሩ የሚኖሩት አሮጊት ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው። ኮርኒሱን ለማሳደስ ስንት እንደወጣ ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም፣ ሰው አክባሪ ስለሆንኩ፣ አልጠየቅሁትም።

እንዲህ ያለውን ሰው ግን የማውቀው ገና ከበግ ነው። ከዓመታት በፊት ለፋሲካ ከሾላ በግ ገዝቼ ስገባ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ስንት ገዛኸው?» ከሰላምታ በፊት ነው። ነገርኩት። እጁን ሰዶ የበጉን ወገብ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ላቱን ከሥር አንሥቶ መዘነ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ፤ ከዚያ ለእኔ ይዘን ለበጉ በማይታወቅ ድምፅ «ተበላህ» አለ። ሌሊቱን በጉ በጮኸ ቁጥር ዋጋው ትዝ እያለኝ ስገላበጥ አደርኩ። በበዓሉ ቀን ያው ጎረቤት ዱለቱን ሁለት ጊዜ አስጨምሯል። አጥንትም ግጧል። ውድነቱ ጉሮሮውን ሲይዘው አላየሁም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ወደ ቡናው ልመለስና፣ ቡናውን የምታፈላልን እትዬም አላለፈችኝም። «እናቶቻችን ለማን ከፍለው ነው ጭስ ማውጫ ያስጠረጉት?» አለች። እናቴ ጭስ ማውጫ አልነበራትም እኮ፣ እትዬ! ጭሱ የሚወጣው በበሩ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳና በዐይኗ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከማድ ቤት ጥቀርሻ የተጠቀመ ካለ፣ ቀለሙን የሚበጠብጥበት ቁም ጸሐፊ ነው።

እንግሊዝ ውስጥም በአንድ ወቅት ጭስ ማውጫ ማስጠረግ ርካሽ ነበር። ገና ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች በጠባቡ ጭስ ማውጫ ውስጥ በክርናቸውና በጉልበታቸው እየተፋተጉ ይወጡ ነበር። ፐርሲቫል ፖት የተባለው የለንደን ቀዶ ሐኪም ጥቀርሻው ጠራጊዎቹን ካንሰር እንደሚያሲዛቸው በ1775 ጽፏል። ረጅም ዘንግ ያለው ብሩሽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተሠርቷል። ግን ልጁ ይሻላል እየተባለ፣ ሕግ በሕግ ላይ እየወጣ፣ ልጆቹ መውጣታቸውን ቀጠሉ። ነገሩ ያበቃው ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ ካምብሪጅ አጠገብ ጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ከሞተ በኋላ፣ በዚያው በ1875 በወጣው ሕግ ነው። ከፖት ጽሑፍ እስከዚያ ሕግ ድፍን 100 ዓመት። በዚያ 100 ዓመት ውስጥ ጭስ ማውጫ አስጠርጎ «ተበላህ» የተባለ ባለቤት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የእኔ ጠራጊ ልጅ አይደለም፤ ትከሻው ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ የተደረደረበት ጥቁር ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ጀርመኖች ዕድል ያመጣል ብለው ለአዲስ ዓመት የጠራጊ ምስል ይሰጣጣሉ፤ ለእኔ ያመጣልኝ ደረሰኝ ነው። በ2022 የጋዝ ዋጋ ሲሰቀል ብዙ ሰው የእንጨት ምድጃ ገዛ፣ እኔም ገዛሁ፤ ምድጃው ደግሞ ይህን ሰው ጠራብኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብሩሽና የብረት ኳስ የታሰረበትን ገመድ ለቀቀው፤ ግድግዳው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ ምድር ቤት ወርዶ ትንሿን የብረት በር ከፈተና በአካፋ ዝቆ አሳየኝ፤ ዱቄቱ መሐል እየተሰባበረ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅርፊት ነበር። ይህ ከተያያዘ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ አይደፋበትም፤ 1 ሊትሩ ወደ 1,700 ሊትር እንፋሎት ስለሚሆን ጭስ ማውጫውን ያፈነዳዋል። እሳት አደጋዎቹ አጠገቡ ቆመው ነዶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ጠራጊም ያስጠራሉ። ይህንንም ለወዳጄ ነገርኩት።

«አሸዋ ይደፋበታላ» አለ።

አሁን ደግሞ ከወረዳው ሹም ደብዳቤ መጥቷል። ምርመራው ለብቻ ነው፣ ሒሳቡም ለብቻ። ስንት ከፈልክ ሲሉኝ በነጻ ነው ልላቸው ወስኛለሁ። የሚመልሱልኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ «በነጻማ ከሆነ በደንብ አላየልህም!»