የአደራ ዕቃ ለባለቤቱ አይዋስም

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አንድ የወርቅ ጽዋ አለ። ግዕዝ የሚያነብ ሰው የሙዚየሙን መግለጫ ማየት አያሻውም፤ ጽዋው ራሱ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥት ኢያሱና ንግሥት ወለተ ጊዮርጊስ፣ ማለትም እቴጌ ምንትዋብ፣ ለነፍስና ለሥጋቸው ድኅነት ብለው ለጎንደሩ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት መሆኑ ተቀርጾበታል። እዚያው ሙዚየም ያለው ባለሦስት እርከን ዘውድም የዚያው የጎንደር ዘመን ሥራ ነው። ሐዋርያትና ወንጌላውያን ዙሪያውን ተቀርጸውበታል፤ ያን ሁሉ ምስል በወርቅ ላይ ያወጣ አንጥረኛ ምን ዓይነት እጅ ነበረው!

ሁለቱም የተወሰዱት ከመቅደላ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉን ዘረፈ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተጫኑ፤ ደላንታ ሜዳ ላይም ሐራጅ ተካሄደ። «ቴዎድሮስም እኮ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው የሰበሰቧቸው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ የእኛ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ለለንደን መብት አይሰጥም።

ይህን ደግሞ እንግሊዞቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1863 ዓ.ም. ስለዚሁ ዘውድና ጽዋ በፓርላማ ሲናገሩ፣ ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ መምጣታቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ገለጹ። የዘመቻው አዛዥ ናፒየር ሳይቀሩ፣ መመለስ እስኪቻል ድረስ በአደራ ይቀመጡ ማለታቸውንም ለምክር ቤቱ ተናገሩ።

በአደራ! ከዚያ ወዲህ ከ150 ዓመት በላይ አለፈ። በ2010 ዓ.ም. የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሃንት ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ መስጠት ይቻላል አሉ። ሰውየው ውይይቱን በቅንነት እንደከፈቱት አምናለሁ፤ ሐሳቡን ግን መቀበል አልችልም። የተዋሰ ሰው የፈረመው ወረቀት አለ፤ ወረቀቱም ባለቤቱ አበዳሪው ነው ይላል። እኛ ከፈረምን ጽዋው ላይ የተቀረጸውን በገዛ እጃችን ፋቅነው ማለት ነው።

ሙዚየሙ የብሪታንያ ፓርላማ ያወጣው የ1975 ዓ.ም. ሕግ ቅርስ እንዳይመልስ እጁን እንዳሰረው ይጠቅሳል። ሆኖም ያው ፓርላማ በ2002 ዓ.ም. ናዚዎች የዘረፏቸውን ቅርሶች የብሪታንያ ሙዚየሞች ለባለቤቶቻቸው እንዲመልሱ የሚፈቅድ ሌላ ሕግ አጽድቋል። መንግሥታችንም ሆነ በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን ለእንግሊዝ የምክር ቤት አባላት ሲጽፉ ውሰት የሚለውን ቃል ትተው ይህን የ2002ቱን ሕግ ይጥቀሱ፤ ለመቅደላም ተመሳሳይ ሕግ ይውጣ ብለው ይጠይቁ።