ለክብርት «ትንሽዬ ናት» ፌስታል

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሻንጣችንን እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እርስዎ መቼም ዝናብ አያስገቡም። አፍዎ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሮ፣ ሆድዎ ላይ የተቀባይ ስምና ስልክ በፕላስተር ተለጥፎ ነው የሚመጡት።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮም ከጎንደር ለአጭር የክረምት ኮርስ ጀርመን የሚሄዱ ልጆች ስላሉ ነው። ቪዛቸው ወጥቷል። እርስዎም ሳይሰሙ አይቀሩም። እኛ ሰፈር፣ ማራኪ፣ ወሬውን ከባለ ቪዛው ቀድመው የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።

ለነገሩ ልጁ ቪዛ የሚያገኘው አሳሩን በልቶ ነው። ኤምባሲው ያለው አዲስ አበባ። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ አሻራ፣ ፎቶ። እርስዎ ግን ያለ ቀጠሮ፣ ያለ አሻራ ሼንገን የሚባለው የአውሮፓ የቪዛ ክልል ይገባሉ። አንድም ቀን «ትመለሻለሽ ወይ?» ተብለው ተጠይቀው አያውቁም።

እኔ የሄድኩ ጊዜ፣ የመንገዴ ዋዜማ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ ሊሸኘኝ መጣ። እጁን አንጠልጥሎ የመጣ የለም። «ምንም አትከብድ፣ ትንሽዬ ናት፤ ጥግ ላይ ሸጎጥ አርጋት።» አንዷ በርበሬ፣ አንዷ በሶ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ እትዬ ደግሞ በሃይላንድ ጢም ብሎ የተሞላ ቅቤ። እምቢ እንዳልል ነገር፣ እትዬ እኮ ያሳደጉኝ ናቸው።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ፒያሳ ሚዛን ዘርግቶ ከሚቀመጠው ልጅ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ወጣሁበት፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ታቅፌ። ልጁ በጣቱ ቀናንሶ አዘነልኝ። «ብራዘር፣ 31 ነው።» የተፈቀደው 23 ኪሎ። ታዲያ ምን የወጣ ይመስልዎታል? በርበሬው? ኧረ በየት በኩል! ሹራቤ ወጣ። ትርፍ ጫማዬ ወጣ። መጽሐፎቼ ወጡ። ሊማር የሚሄደው ልጅ ደብተር ትቶ በሶ ተሸክሞ አዘዞ ኤርፖርት ደረሰ።

ፍራንክፈርት ላይ ጉድ ፈላ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዲይዝ አይፈቅድም። ቋንጣም ቅቤም ክልክል ነው፤ ማር እንኳ እስከ 2 ኪሎ ነው። ጓንት ያጠለቀው የጉምሩክ ሰው ሃይላንዱን ከፈተና አሸተተ። ኮሰረቱም ኮረሪማውም አንድ ላይ ወጡበት። ደግሞ አሸተተ። እኔ እንኳ ሊያስቀረው ነው ብዬ ነበር። እትዬ በክንዳቸው የናጡት የበጌምድር ቅቤ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ እርስዎም አይንገሩብኝ።

በርበሬው ግን አለፈ። የእኔ ትምህርት ሙኒክ፣ ተቀባዩ ሀምቡርግ። «እዛው ጀርመን ነው እኮ፣ ጎራ በልና ስጠው» ተብያለሁ። ከሙኒክ ሀምቡርግ ከጎንደር አዲስ አበባ ይርቃል! ላኪዋ እናቱ አዲስ አበባ ሲሄዱ ስንቅ ቋጥረው፣ ተሳልመው፣ ዘመድ ተሰናብተው ነው የሚነሱት። ለእኔ ሲሆን «ጎራ በል»።

ለሰውዬው ደወልኩለት። «ውይ፣ ምነው ተቸገርክ? እዚህ የሀበሻ ሱቅ አለ፤ በርበሬ ሞልቷል» አለኝ። ለእናቱ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

እዚያ በሐምሌ ጀምበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። የክፍሌ ልጆች ከትምህርት ሲወጡ ኢዛር ወንዝ ዳር ይጋደማሉ። እኔ እርስዎን ታቅፌ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ነኝ። እነሱ ስለ ሙኒክ ሲጠየቁ ወንዙን፣ ሙዚየሙን፣ መናፈሻውን ያወራሉ። እኔ የማወራው ስለ ካርቶን ዋጋ ነው።

ፍልሰታ እዚያው ያዘኝ። የማደሪያው ወጥ ቤት መጥበሻ ሁሉ አይብ አይብ ይላል፤ እሁድ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ያወጣኝ ሽሮ ነው። እሱም የእናቴ ሽሮ ነበር፤ እርስዎ ምስጋናውን እንዳይወስዱ።

በመመለሻዬ ሳምንት ተገላገልኩ ስል ከሀምቡርግ በፖስታ መጡልኝ። ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ የጉልበት ቅባት። ላይዎ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ለእማዬ ነው፣ ትንሽዬ ናት።»

ስለዚህ ዘንድሮ የሚሄዱትን ልጆች ይተዉልን። አይ፣ መሄዴ አይቀርም ካሉ ግን እንደ ሰው ቀጠሮ ይያዙ፣ አሻራ ይስጡ፣ ኢንሹራንስ ይግዙ፣ በራስዎ ትኬት ይሂዱ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ተሸካሚዎ

ግልባጭ፦
ለእናቴ (ሰው ሲሄድ አንቺም እንደምትልኪ አውቃለሁ)
ለፒያሳው ባለ ሚዛን
ለሀምቡርጉ ሰውዬ፣ የሀበሻ ሱቁን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ እንዲልክ