«ምን ታውቃለች» የምትባለው ልጅ ስታረግዝ

በልዩ ፍላጎት ትምህርት (የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ላለባቸው ልጆች በሚሰጠው) የምትማር ልጃገረድ አረገዘች ሲባል፣ እዚህ አሜሪካም ሆነ ሀገር ቤት ከአዋቂዎች አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «እሷ ምስኪን ምን ታውቃለች!» ይባላል። አባባሉ ከርኅራኄ የመነጨ ይመስላል። እኔ ግን በትምህርት ቤት ስብሰባዎች ላይ ለሀገሬ ወላጆች በማስተርጎም ካየሁት ተነሥቼ፣ ልጅቷን ለአደጋ የሚያጋልጣት ከሁሉ በፊት ይኸው አስተሳሰብ ነው እላለሁ፤ ምንም አታውቅም ለተባለች ልጅ የሚያስረዳት ሰው አይገኝምና። እኩዮቿ ስለ ወር አበባ፣ እርግዝና እንዴት እንደሚመጣና እምቢ ማለት እንደሚቻል ከመምህርም ከጓደኛም ይሰማሉ፤ እሷ ግን ከሁለቱም ትጎድላለች። ማንበብ የሚያዳግታት ከሆነ የተሰጣት ወረቀት አይጠቅማትም፤ መስማት የተሳናት ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ የገዛ እናቷ እንኳ የምልክት ቋንቋ አትችልም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው፣ በትምህርት የፆታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግና ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ ተማሪ አረገዘች ተብላ ከትምህርት እንዳትገለል ይከላከላሉ። በ1975 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጆች በነፃና ለእነርሱ በሚስማማ መንገድ እንዲማሩ፣ ለእያንዳንዳቸውም የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅላቸው ያስገድዳል። ሁለቱ ሕጎች በአንዲት ልጅ ጉዳይ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል በአንድ ስብሰባ አይቻለሁ። የመማር ችግር ያለባት የ16 ዓመት ነፍሰ ጡር ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ፣ የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውና ምክትል ርዕሰ መምህሩ የሚነጋገሩት በወሊዷ ሰሞን የሚያመልጣት ትምህርት እንዴት እንደሚካካስ፣ የክትትል ቀጠሮዋ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜዋ እንዳይጋጭ፣ ከዚያም ሕፃኑን ማን እንደሚይዝላት ነው። እናትየዋ ትዕግሥቷ አልቆ «እኔ በሰው ፊት ተዋርጄ እነርሱ ስለ ሒሳብ ያወራሉ!» አለች፤ ተረጎምኩት። መምህርቷም «ሒሳቡን ካላለፈች አትመረቅም፤ ካልተመረቀች ደግሞ ሁለቱም ይቸገራሉ» ስትል መለሰች። ልጅቷ በዚያ ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለችው ይህን ስትሰማ ነበር።

ይህን ስል አሜሪካ ከጥንትም ደግ ነበረች ማለቴ አይደለም። ኬሪ ባክ የተባለች የቨርጂኒያ ልጅ አሳዳጊዎቿ ከትምህርት ቤት አስወጥተው የቤት ሥራ ሲያሠሯት ኖረው፣ በ17 ዓመቷ አረገዘች፤ እንደተናገረችው የደፈራት የእነርሱ ዘመድ ነበር። አሳዳጊዎቿ «የአእምሮ ድካም» ያለባት ናት ብለው ወደ ማቆያ ተቋም አስገቧት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1927 ከተቋሙ ጎን ቆሞ ዳግመኛ እንዳትወልድ እንድትመከን ፈቀደ። ኋላ ሲመረመር ግን የትምህርት ቤት ውጤቷ ከማንኛውም ልጅ የማያንስ ነበር። ዛሬ ያለው ሕግ የመጣው እንዲህ ያለ ግፍ ካለፈ በኋላ ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ 1,000 ልጃገረዶች በ1991 ወደ 62 የሚጠጉት ይወልዱ የነበረበት አገር በ2023 ቁጥሩን ወደ 13 ቢያወርድም፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ትምህርት ማቋረጣቸው ዛሬም አልቀረም።

የእኛ ወላጆች ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት እንጨምራለን። ልጅቷ እንድትመረመርና ድጋፍ እንድታገኝ የወላጅ ፈቃድ ሲጠየቅ «ልጄ ጤነኛ ናት፣ ስም አታውጡባት» ብለን ፊርማችንን እንነፍጋለን፤ ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚሰጠው ትምህርት ሲመጣም ብልግና ያስተምሯታል ብለን እናስወጣታለን። ልጅቷ ተደፍራ ከሆነ ደግሞ ገበናን የመሸፈን ልማዳችን የሚሸፍነው የደፋሪውን ገበና ነው።

ሀገር ቤትም የሕግና የመመሪያ ችግር የለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጓል፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2012 ተሻሽሏል፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2010 ጸድቋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጃገረዶች 13 በመቶው ወይ ወልደዋል ወይ አርግዘዋል። ልዩ ክፍል የሚገኘው በጥቂት ትምህርት ቤቶች ስለሆነ፣ መስማት የተሳናት የገጠር ልጅ ለመማር ከተማ ገብታ ዘመድ ቤት ትጠጋለች ወይም ከጓደኞቿ ጋር ቤት ትከራያለች፤ ጥቃት ሲደርስባት አፍ አውጥታ ልትናገር የማትችለው፣ ፖሊስ ጣቢያ ብትደርስም ምልክቷን የሚረዳ የማታገኘው ልጅ እንግዲህ እዚያ ብቻዋን ናት። ለእረፍት በሄድኩበት ጊዜ አንድ መምህር ባሳየኝ የክፍል መዝገብ ላይ ከአንዲት ልዩ ክፍል ተማሪ ስም ትይዩ «በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቤቷ ሄዶ የጠየቃት እንዳለ ስጠይቀው ማንም እንዳልሄደ ነገረኝ።

ብዙ ጊዜ እርግዝናው ትምህርቱን እንዳቋረጠው ተደርጎ ይወራል፤ ነገር ግን ያልገባትን ትምህርት ዓመት ከዓመት የምትደግም፣ ክፍል ውስጥ የሚስቁባት ልጅ አስቀድማ መቅረት ትጀምራለች፤ እርግዝናው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቤት ከዋለች በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን በተከታታይ ስትቀር ሄዶ የሚጠይቅ ሰው መመደብ ከሁሉም ይቀድማል፤ ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በመዞር ልምድ አላቸው፣ ከመምህሩ ጋር ስም ዝርዝር መለዋወጥ ብቻ ይበቃቸዋል። ከወለደች ደግሞ እዚህ ሕፃን ማቆያ ፍለጋ ቤተሰቡ ሲንከራተት፣ እዚያ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፤ የጎደለው ትምህርት ቤቱ የመመለሻዋን ጊዜ በመዝገቡ ላይ ጽፎ ለቤተሰቧ «ቦታዋ አለ» የሚል ደብዳቤ መላኩ ነው።