ሰኞ አቆማለሁ

ደሴ ሰኞን ታከብራለች፤ ሰኞ ገበያ ብላ ሰፈር ሰይማላታለች። በዚያች ቀን ከሚሸጠውና ከሚለወጠው ሁሉ በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን የሚቆመው ሲጋራ ብዛት ነው። «ሰኞ አቆማለሁ» ያላለ አጫሽ አላውቅም። «ሐሙስ አቆማለሁ» ያለም አላጋጠመኝም። ይህን ያህል ሲጋራ ያቆሙ ጀግኖች በከተማችን እየኖሩ እኛ አንድ ሐውልት እንኳን አላቆምንላቸውም። ሐውልቱ እስኪደርስ ድረስ በዚህች ጽሑፍ ላመስግናቸው።

ምስጋናው ከትጋታቸው ይጀምር። ሲጋራ እንደ ማር ገና በምላስ ሲነካ የሚጥም ነገር አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ሰው ጉሮሮው ይላጣል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ራሱ ይዞራል፣ አንዳንዱም ያስመልሰዋል። ሰውነት «ይህ ነገር አይሆንህም» ለማለት ያለውን ቋንቋ ሁሉ ይጨርሳል። በሒሳብ ትምህርት ሁለት ሳምንት መታገሥ ያቃተው ልጅ ግን ለዚህኛው ትምህርት አይበገርም። ከአጥር ጀርባ ያስላል፣ ይደግማል፣ ያስላል፣ ይደግማል፤ አንድ ቀን ሳያስል ስቦ ጭሱን በአፍንጫው ሲያወጣ ጓደኞቹ ፊት ተመረቀ ማለት ነው። መሰናዶውን ቤቱ ጨርሶ የመጣም አለ። «ሂድ ከምድጃው ለኩሰህ አምጣ» ተብሎ የተላከ ልጅ እሳቱ እንዳይጠፋበት መንገድ ላይ አንድ ሁለቴ መሳብ ግዴታው ነበር። አባት ሲጋራ አላስተማረም፤ ላከው እንጂ።

ደግሞ የመጀመሪያዋ ሲጋራ ተገዝታ አታውቅም። ጀባ የተባለች ናት። የባጃጅ ሒሳብ ሲመጣ ኪሱን ሲዳብስ የሚቆይ ወዳጅ ሲጋራ ላይ እጁ ይፈጥናል፦ «አብሽር፣ አንድ ጊዜ ሳብ፤ ጭንቀትህ ይለቅሃል።» ከዚያ በኋላ ያለውን ሱቅ በደረቴው ይረከባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሱቅ በደረቴው ራሱ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ታላቁን ዕድሜ መጠየቅ ነውር ይሆንበታል።

«ጭንቀት ይለቃል» የምትለዋ ነገር እውነት ናት፤ ሐሜት አልወድም። ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ አሥር ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አንጎል ደግሞ ወሎዬ ነው፣ እንግዳ ይወዳል፤ የመጣው እንግዳ ሲደጋግም በር ይጨምርለታል። እንግዳው ግን ችኩል ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ከደም ወጥቶ ሄዷል። በሮቹ ተከፍተው ይቀራሉ፣ ብርድ ይገባል፣ ባለቤቱ ይነጫነጫል። ያን ጊዜ አንድ ፍሬ ይለኩስና ትከሻው ይረግባል፦ «አየህ፣ ጭንቀት ታስለቅቃለች!» ያስጨነቀችውም እሷ ናት ብሎ መናገር ውለታ መርሳት ይሆናል። ጠባብ ጫማ አድርጎ የጦሳን ተራራ የወጣ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ የሚሰማውን ደስታ አስቡት። አጫሽ ይህን ደስታ በቀን ሃያ ጊዜ ያገኛል፤ እኛ ልክ ጫማ የምናደርገው ግን ምን እናውቃለን?

ለአየር ጠባይ ያላቸው ጥንቃቄም የሚያስቀና ነው። ደሴ ላይ የሚያጨሱት ለብርዱ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ለሙቀቱ ያጨሳሉ። (ኒኮቲን የደም ሥርን አጥብቦ ጣትን እንደሚያቀዘቅዝ ለደሴዎቹ አልነግራቸውም፤ ክረምት ነው፣ ልባቸው ይሰበራል።) መንገዱ ላይም ሕግ አክባሪ ናቸው። አዋጁ በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ ስለሚከለክል ሾፌሩ ክንዱን በመስኮት ያወጣል፤ እጁ ውጭ ነው፣ ሲጋራው ውጭ ነው፣ ጭሱ ብቻ ውስጥ ይሳፈራል። እሱም ሒሳብ አይከፍልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ካላቆሙት ተጠቃሚዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ትምባሆ ይገድላቸዋል ይላል። የትኛውንም አጫሽ ጠይቁ፤ ሁሉም የሌላኛው ግማሽ አባል ነው።

ኮፍያዬን የማነሣው ግን በጾም ለማያቸው ነው። የክርስቲያኖቹ ሊቃውንት ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ወተት ይተዋሉ፤ ሲጋራ ከላም ስላልታለበ የጾም ነው። በረመዳን ደግሞ ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን አሉ። አሥራ አንዱን ወር ሁለት ሰዓት ያለ ሲጋራ መቀመጥ አይችሉም፤ ለቅሶ ቤት እንኳን ከድንኳኑ ጀርባ ይሰወራሉ። ረመዳን ሲገባ ግን ከሱብሒ እስከ መግሪብ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ጭስ ወደ አፋቸው አትደርስም። መድኃኒት የለ፣ ሐኪም የለ። ከአስር ሶላት በኋላ ልጁ በር ዘጋ ብለው ይቆጣሉ፣ ድመቷ አየችኝ ብለው ይቆጣሉ። «ጾሙ ነው» ይባላል። ምስኪን ጾም! ባለቤታቸውም እኮ ይጾማሉ፤ በሩ ሲዘጋ አልሰሙም።

አዛኑ ሲሰማ በቀኝ እጃቸው ተምር፣ በግራ እጃቸው ላይተር አለ። ተምሩን ቢስሚላህ ብለው በወጉ ይቀምሳሉ፤ ፍሬው ከአፋቸው ሳይወጣ ሲጋራው ይለኮሳል። ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ሳምቡሳው ይጠብቃል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲስቡ ግንባራቸው ላይ የተገተረው ጅማት ቀስ ብሎ ሲተኛ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። የሱስ ጭንቅ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በጥቂት ሳምንታት ይላላል። ጋሼ የመጀመሪያውን ቀን፣ ያን ከባዱን፣ በአንድ ረመዳን ሠላሳ ጊዜ ይወጡታል። ሁለተኛውን ቀን አይተውት አያውቁም።

ዘንድሮ ኢድ ሁለት ቀን ሲቀረው አስጠሩኝ። «ከኢድ በኋላ ያለው ሰኞ አቆማለሁ» አሉና ላይተራቸውን አስጨበጡኝ፤ ቀይ፣ ቂጧ ላይ ትንሽ መብራት ያላት። «አደራ ነው። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።» እኔን የመረጡኝ በልምዴ ነው፤ ስድስት ጊዜ አቁሜያለሁ። አምስተኛዬ ሦስት ዓመት ቆይታ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ጀበናው ገነፈለ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ክብሪት ጫረ፣ ሽታው መጣ። የትዝታ ቅኝት ከእኛው ከወሎ ነው መባሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ከአቦሉ ጋር «አንድ ብቻ» አልኩ፤ ቶናው ላይ ፓኮ ገዛሁ።

ሰኞ ጋሼ ዋሉ። ከአጥሩ ማዶ ሲያዛጉ፣ ሲተክዙ፣ ማስቲካ ሲያላምጡ ሰማኋቸው። ማክሰኞም ረፈደ፣ ቀትር ሆነ፣ መሸ፤ ያ አይተውት የማያውቁት ሁለተኛ ቀን እቤታቸው ገብቶ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ወዲያው በሬ ተንኳኳ።

«ላይተሯን ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ አደራ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ለሲጋራ መሰለህ እንዴ? መብራቷን ፈልጌ ነው። ቤቱ ጨልሟል፤ ልጆቹ ይሰናከላሉ።»

ለልጆቹ ሲባል ሰጠኋቸው። የላይተሯ መብራት ነጭ ነበረች። ከአጥሩ ማዶ የሚታየኝ ግን ቀይ ነው፤ አንዴ ደመቅ፣ አንዴ ፈዘዝ ይላል።