ለዕረፍት ሲበረር ምን ይለበስ? አራት ሰዎች ያልተስማሙበት ጉዳይ

ክርክሩን ያስነሣው የወጣቱ ቁምጣ ነው። ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለዕረፍት ሊሄድ ተዘጋጅቷል፤ በረራው 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። «በቁምጣ፣ በካናቴራና በነጠላ ጫማ እሳፈራለሁ፤ ስወርድ ልብስ መቀየር የለ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ነው» አለ። አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አንድ የበረራ አስተናጋጅ፣ አንዲት ነርስና አንዲት ልብስ ሰፊ። ሦስቱም ባንድ አፍ ተቃወሙት። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነበርና ብዙም ሳይቆዩ እሱን ትተው እርስ በርሳቸው ተያያዙ።

ቀድመው የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። «ልጄ፣ ስትወርድ የሚቀበልህን ሙቀት አሰብክ እንጂ እስክትወርድ ያለውን 9 ሰዓት አላሰብከውም። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ሲበር ውጭው ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጡ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ነው ቢባልም በመስኮት በኩል ያለው ግድግዳ፣ እግርህ የሚያርፍበት ወለልና በሮቹ አካባቢ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። ደግሞም ሲመላለስ ለሚውለው አስተናጋጅ የሚመቸው ሙቀት፣ ቁጭ ላለው ሰው ብርድ ነው።»

«ብርድ ልብስ ይሰጡ የለ እንዴ ጋሼ?»

«ሁሉም አይሰጥም። በርካሽ ትኬት የሚያጓጉዙት ወይ ይሸጡልሃል፣ ወይ ጭራሹን አይዙም።»

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ ገባች። «አንድ ወፍራም ልብስ ከምትለብስ ሦስት ስስ ልብስ ደርብ። ከሥር ቀጭን ካናቴራ፣ ከላይ ፊት ለፊቱ በዚፕ የሚከፈት ሹራብ፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ስካርፍ። ስካርፉ ሲበርድህ ትከሻህ ላይ፣ ስትተኛ አንገትህ ሥር፣ ሲሞቅህ ቦርሳህ ውስጥ ይሆናል።» ዚፑን አጥብቃ የያዘችበት ምክንያት አላት። በራስ የሚጠለቅ ሹራብ ለማውለቅ ሁለት ክርን ወደ ላይ መነሣት አለበት፤ በጠባቡ ወንበር ላይ ደግሞ ያ ክርን የሚደርሰው የጎረቤት ፊት ጋ ነው። ቆብ ያለውን ሹራብም አልወደደችውም፤ ቆቡ ማጅራት ላይ ተጠቅልሎ ጭንቅላትን ወደ ፊት ይገፋል፤ እንደዚያ ሆኖ ሦስት ሰዓት የተኛ ሰው አንገቱ ደርቆ ይነሣል።

እስከዚህ ሁሉም ተስማምተው ነበር። የተለያዩት «ከምን የተሠራ ይሁን?» ሲባል ነው።

ሽማግሌው ናይለንና ፖሊስተር የሚባል ነገር አውሮፕላን ላይ መለበስ የለበትም ባይ ናቸው። «እሳት ሲነሣ ፖሊስተር 260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ናይለንም እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 265 ባለው ውስጥ ይቀልጣል። የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ልብሱን ልግፈፍ ስትል ቆዳው አብሮ ይነሣል። ሱፍ አይቀልጥም፤ እሳትም ቶሎ አይዘውም። ጥጥ ይነዳል፣ እሱም ግን አይቀልጥም። ሴቶቹ የሚለብሱት ስስ የናይለን ስቶኪንግ ደግሞ እሳት ባይኖር እንኳ በአደጋ ጊዜ ከበሩ ወደ መሬት የሚዘረጋው መንሸራተቻ ላይ ሲፋተግ እግር ያቃጥላል።»

«ጋሼ፣ እንደርስዎ ከሆነ ሰው ራቁቱን ሊሄድ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዛሬ የሚመች ሱሪ ሁሉ ትንሽ የሚለጠጥ ክር አለው። ከመቶ 95 እጁ ጥጥ፣ 5 እጁ ኤላስቴን የሆነ ሱሪና መቶ በመቶ ፖሊስተር የሆነ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ታይት አንድ አይደሉም። ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ማንበብ ነው፤ ድርሻው እዚያ ተጽፏል። ከቆዳ የሚነካው ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን፤ ከላይ የሚደረበው ላይ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም።»

ጥጥንም ቢሆን እንዲሁ አላሞገሰችውም። መንገደኛ ሻንጣ እየጎተተ ወደ መሳፈሪያው ሲሮጥ ያልበዋል፤ ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይይዛል፤ ከዚያ ሰውዬው ቀዝቃዛው ወንበር ላይ ቁጭ ሲል እርጥቡ ካናቴራ ጀርባው ላይ ይበርዳል። ቀጭን የሱፍ ካናቴራ ግን የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞም እርጥብ መሆኑ አይሰማም፤ ሽታም ቶሎ አይዝም። ሱፍ ለሚያሳክከው ወይም ለማያገኘው ሰው መፍትሔዋ ቀላል ነው፤ አንድ ደረቅ ካናቴራ በእጅ ቦርሳ ይዞ ከመሳፈር በፊት መቀየር።

ወጣቱ በዚህ መሀል ትዕግሥቱ አለቀ። «ስንት ዘመን አንዴ ለሚደርስ አደጋ ብዬ ነው የምለብሰው?»

የሽማግሌው መልስ ክርክሩን ወደ ጫማ ወሰደው። «አንድ ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲበር ፈቃድ የሚያገኘው መንገደኛው ሁሉ ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግተው በ90 ሰከንድ መውጣት መቻሉ ሲረጋገጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨና ነደደ። ኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ፤ ሻንጣ ትተው። ሁሉን ትተህ ውጣ ስትባል የሚቀርህ የለበስከው ብቻ ነው። ታዲያ የለበስከው ነጠላ ጫማ ከሆነ መንሸራተቻው ላይ ስትዘል ወልቆ ይቀራል። ከታች ደግሞ የሚጠብቅህ የተሰባበረ ብረትና የፈሰሰ ነዳጅ ሊሆን ይችላል።» ታኮ ያለው ጫማም እንዲሁ ነው፤ ሹሉ በአየር የተነፋውን መንሸራተቻ ሊቀደው ስለሚችል በሩ ላይ አውልቂ ትባላለች፤ ያን ጊዜ ባዶ እግሯን ቀረች ማለት ነው።

«ጫማ፣ ጫማ ይላሉ፤ እግሩ ሲያብጥስ?» አለች ነርሷ። እሷ የምትለው ሰው እንደተሳፈረ ጫማውን ያውልቅ ነው። ለረጅም ሰዓት ቁጭ ሲባል የባት ጡንቻ አይሠራም፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ስለሆነ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ከሰዓታት በኋላ ይጠባል።

ሽማግሌው አልተቀበሏትም። በአቪዬሽን ሰዎች ዘንድ የታወቀ ቁጥር አለ፤ ከተነሡ በኋላ ያሉት 3 ደቂቃዎችና ከማረፍ በፊት ያሉት 8 ደቂቃዎች። አደጋ የሚበዛው በነዚህ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጫማ እግር ላይ፣ ክሩም ታስሮ መሆን አለበት። ልብስ ሰፊዋ አስታረቀቻቸው። ክር ያለው፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ስኒከር ይሁን፤ ያበጠ እግር ክሩን በማላላት ይገባል፤ ያለ ክር የሚጠለቅ ጠባብ ጫማ ግን መላ የለውም። አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ ሲረጋጋ ጫማው ይውለቅ ወይም ይላላ፤ ቁልቁል መውረድ ከመጀመሩ በፊት ተመልሶ ይጠለቅ። መጸዳጃ ቤት ሲኬድም በካልሲ መሄድ የለም፤ ወለሉ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው።

ነርሷ እግርን ጨምቆ ይዞ ደም እንዳይረጋ በሚረዳው ካልሲ ጉዳይ ላይ ረጅም ሰዓት ተናገረች፤ መናገርም ነበረባት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም መልስ ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። እንዲያም ሆኖ ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ከ6,000 አንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጨምቆ የሚይዘው ካልሲ ለሁሉም ግዴታ አይደለም። ከዚህ በፊት ደም ለረጋበት፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ላደረገ፣ ለነፍሰ ጡር ግን ሐኪም አማክሮ ማድረጉ ይጠቅማል። ከጉልበት በታች የሚቀር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ15 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (ማሸጊያው ላይ የሚጻፍ የጫና መለኪያ ነው) የሚጨምቅ መሆን አለበት። ልኩ በጫማ ቁጥር ብቻ አይወሰድም፤ ጠዋት ከአልጋ እንደተነሡ፣ እግር ሳያብጥ፣ የቁርጭምጭሚትና የባት ዙሪያ በሜትር ይለካል።

አጠላለቁንም እጇን እያንቀሳቀሰች አሳየች። እጅ እስከ ተረከዙ ይገባና ካልሲው ይገለበጣል፤ የጣቶቹ ክፍል ብቻ ሳይገለበጥ ይቀራል። መጀመሪያ ጣቶቹ ይገባሉ፤ ከዚያ የካልሲው ተረከዝ ከእግሩ ተረከዝ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ቀሪው ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ወደ ላይ ይወጣል። አናቱን ይዞ መጎተት አይገባም። ከጨረሱ በኋላ በመዳፍ እየዳሰሱ እጥፋቱን ሁሉ ማስተካከል ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት ረዘመብኝ ብሎ አናቱን ወደ ታች መጠቅለል ነው፤ ያ የተጠቀለለው ክፍል ጉልበት ሥር እንደ ገመድ አስሮ መከላከል የተፈለገውን ነገር ራሱ ያመጣዋል። የእግር ደም ቅዳው የጠበበበት ሰው ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር አያድርገው።

ወጣቱ ጂንስ ልልበስ እንዴ ብሎ ሲጠይቅ እሷው መለሰችለት። በበረራ ላይ ያለው የውስጥ አየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ እንደ ቦይንግ 787ና ኤርባስ ኤ350 ባሉት 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ከባሕር ጠለል ለተነሣ ሰው እስከ ሲሶ ሊጨምር ይችላል። ሆድ የሚነፋው ለዚህ ነው፤ የጂንሱ ቁልፍ እምብርት ሥር የሚቆረጥመውም ለዚህ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ጨመረችበት። ወገብ የሚለካው ተቀምጠው ነው፤ ቆሞ የበቃ ሱሪ ሲቀመጡ ይጠባል፤ ተቀምጠው ሁለት ጣት ያለችግር ካልገባ ለአውሮፕላን አይሆንም። 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ላስቲክ ከቀጭን ገመድ ይሻላል፤ ጫናውን ያከፋፍለዋል። ከጉልበት ጀርባ ወፍራም ስፌት ያለው ሱሪም ይቅር። ቀለበትም ጠበብ ካለ ከመነሣት በፊት ቢወልቅ ጥሩ ነው፤ ጣትም ያብጣልና።

የቀረውን በፍጥነት ነው ያለፉት። ሻንጣ ለማቅለል ከባዱን ቡትና ካፖርት ለብሶ መሳፈር ያስኬዳል ወይ ተባለ። ብዙ አየር መንገዶች የእጅ ሻንጣን በ7 ኪሎ ስለሚወስኑ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ቡቱ ውስጥ ብረት ካለ ፍተሻው ላይ ያስወልቃል። ካፖርቱም ወንበር ላይ ሲደረስ ወልቆ ከላይ መቀመጥ አለበት፤ የወንበር ቀበቶ ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ መጥበቅ ሲገባው ወፍራም ልብስ መሀል ከገባ ይላላል። ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ይሰር፤ አስተናጋጁ ቀበቶውን ለማየት ከእንቅልፍ አይቀሰቅሰውም።

ኪስ ላይ ሽማግሌው ተቆጡ ማለት ይቻላል። የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሾልኮ ወንበሩ ውስጥ ይገባል፤ ሰውዬው ሲፈልገው ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ብረቱ ስልኩን ይጨፈልቀውና ባትሪው ይነዳል። «ስልክህ ከጠፋ ወንበሩን እንዳትነካ፤ አስተናጋጅ ጥራ።» ፓስፖርትና ስልክ በዚፕ የሚዘጋ የፊት ኪስ ውስጥ ይሁኑ።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ቁምጣውን አንሥታ አየችው፤ ዝንጉርጉር የወታደር ጨርቅ ነው። «ይሄን ይዘህ ነው የምትሄደው?» ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎን በመሳሰሉ የካሪቢያን አገሮች ሲቪል ሰው የወታደር ዝንጉርጉር መልበስ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሕፃንም ቢሆን። ወጣቱ ይህን አልሰማም ነበር፤ ቁምጣውን ከሻንጣው አወጣ።

እኔ ክርክሩን ስመዝነው በጫማ ነገር ሽማግሌው ልክ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ለሚችል ሰው የማስተካክለው ጫማውን ነው፤ ሹራብ የረሳ ይበርደዋል፣ ጠባብ ሱሪ የለበሰ ይቆረጥመዋል፣ ባዶ እግሩን ከሚነድ አውሮፕላን የሚወጣ ሰው ግን መሮጥ አይችልም። በጨርቅ ጉዳይ አጥብቀዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ያለችው ይበቃል፤ ከቆዳ የሚነካው ጥጥ ወይም ሱፍ፣ እግሩም እስከ ቁርጭምጭሚት የተሸፈነ። ጨምቆ የሚይዘውን ካልሲ ጓደኛዬ አደረገ ብሎ ከመግዛት ነርሷ እንዳለችው መለካትና መጠየቅ ይቀድማል።

ወጣቱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሙቀት ውስጥ በሹራብ መውረድ ያደክማል። ሌላ ቁምጣ፣ ቀጭን ካናቴራና የውስጥ ልብስ በእጅ ሻንጣው አናት ላይ ያድርግ፤ የተላከው ሻንጣ ቢዘገይም ሁለት ቀን ያኖሩታል። ነጠላ ጫማውም እዚያው ይሁን፤ የሚወጣው ግን ሻንጣ መረከቢያው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።