ከፈተናው በፊት መጽሐፉን አምጡ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የሚነሣው ክርክር አንገሽግሾኛል። ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ፌስቡኩም በመቶኛ ይሞላል። ስንት በመቶ አለፈ፣ የትኛው ክልል ስንት አሳለፈ፣ ስንት ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያሳልፍ ቀረ። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል፤ «ትውልዱ ሰንፏል»፣ «ስልክ ነው ያጠፋቸው»፣ «በእኛ ጊዜ በኩራዝ እያነበብን ነው ያለፍነው»። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ወሬ ይመጣና ትምህርት የሚባለው ጉዳይ እስከሚቀጥለው ዓመት ይረሳል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ ጥያቄ ሲነሣ አልሰማሁም። እነዚህ ልጆች ለፈተና ከመቀመጣቸው በፊት ምን ተሰጥቷቸው ነበር?

ሁለቱ ልጆቼ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ትልቋ 9ኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ 2ኛ ክፍል ነው። የምጽፈው በቤቴ የማየውን ነው።

ትልቋ ልጄ መስከረም ላይ ትምህርት ስትጀምር መጽሐፍ «ሲመጣ ይሰጣችኋል» ተባሉ። ለጥቂት የትምህርት ዓይነቶች ለሦስትና ለአራት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ደረሰ። የቀረው በቴሌግራም ተላከ። ላኩልን ተብሎ ምስጋና የሚጠበቅብን ይመስል «ሶፍት ኮፒው አለ አይደል?» ይሉናል። አዎ፣ አለ። ግን ያለው በእኔ ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ጠዋት ከእኔ ጋር ሥራ ይሄዳል። የቤት ሥራው ማታ እኔ እስክመጣ ይጠብቃል። ማታ መብራት ከጠፋና ባትሪው ካለቀ በቃ፣ የዚያ ቀን ጥናት ቀረ። መብራት ቢኖርም ጽሑፉ እንዲታያት ገጹን ስታሰፋው የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል፤ በጣቷ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጎተተች አንድ አንቀጽ ለመጨረስ የምታጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል። ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንቀጽ ነው። ቋንቋው ራሱ ለብቻው ፈተና የሆነባት ልጅ ናት።

እሺ፣ ፎቶ ኮፒ ይሁን ብዬ የጂኦግራፊውን ምዕራፍ ላስነሣ ሄድኩ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ዋጋውን ሲነግረኝ «እትዬ፣ በቀለም ከሆነ ግን ሌላ ሒሳብ ነው» አለኝ። የምችለው በጥቁርና ነጭ ነበር። ቤት ወስጄ ስንገልጠው ከካርታው ሥር ያለው ማብራሪያ አረንጓዴው ይህንን ያሳያል፣ ቢጫው ያንን፣ ቡናማው ያንን ይላል። በእኛ ወረቀት ላይ ግን አረንጓዴውም፣ ቢጫውም፣ ቡናማውም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። የቤት ሥራው ደግሞ ከፍታ ቦታዎችን በቀለማቸው ለይታችሁ ጻፉ የሚል ነበር። ልጄ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጠቆር ያለውንና ሳሳ ያለውን ለመለየት ስትታገል አየሁ። ይህች ናት እንግዲህ ነገ «ሰነፍ ትውልድ» የምትባለው።

መምህሯን ሄጄ አነጋገርኩት። መልካም ሰው ነው፤ አልሸሸኝም። «እህቴ፣ እኔም እንደ እርስዎ በስልኬ ነው የማየው። የመምህሩ መምሪያ ደግሞ ጨርሶ አልደረሰኝም» አለኝ። ስለዚህ ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ በመገልበጥ ያልቃል። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰሌዳው ስለማይታየው ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፤ ስሕተቱንም አብሮ ይገለብጣል።

አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት አልቃወምም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የትምህርቱን ማሻሻያ የነደፈው ፍኖተ ካርታ ለውይይት ሲቀርብ ተስፋ ካደረጉት አንዷ ነበርኩ። ግብረ ገብ መመለሱ፣ ሥነ ጥበብና የሙያ ትምህርት ቦታ ማግኘታቸው፣ ሽምደዳ ቀርቶ ልጁ እንዲጠይቅና እንዲወያይ መታሰቡ ደግ ነገር ነው። ግን አዲሶቹ መጻሕፍት የተዘጋጁት ልጁ መጽሐፉን ፊቱ ዘርግቶ ሥዕሉን እያየ፣ መልመጃውን ከጓደኞቹ ጋር እየሠራ እንዲማርባቸው ነው። መጽሐፉ በሌለበት ያ ሁሉ አስተሳሰብ እንደገና ወደ ግልበጣና ወደ ሽምደዳ ይመለሳል። ያለ መጽሐፍ የተለወጠው የክፍሎቹ አደረጃጀትና የትምህርቶቹ ስም ብቻ ነው።

እጅግ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። መንግሥት ሲፈልግ ይችላል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲወስዱ ሲወሰን ከየወረዳው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በአውቶቡስ ተጓጓዙ፣ መኝታ ተሰጣቸው፣ በሉ፣ ተፈተኑ፣ ተመለሱ። እርምጃው ትክክል ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን፣ የለፋ ልጅ ካልለፋው ጋር እኩል ሲሆን አይተናል፤ ስርቆቱ መቆም ነበረበት። ነገር ግን ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ የሚጠጋ ልጅ ከቤቱ አውጥቶ፣ አሳድሮና አብልቶ የሚመልስ አገር መጽሐፍ አሳትሞ ትምህርት ቤት ድረስ ማድረስ እንዴት ያቅተዋል? ለመፈተን የተገኘው ቁርጠኝነት ለማስተማር ሲሆን የት ይገባል?

የ2014ቱ ውጤት ሲመጣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በለጡ። በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የመጀመሪያውን ውጤት ለሕዝብ ሳይሸፋፍኑ መናገራቸውን አከብራለሁ፤ የተደበቀ በሽታ አይድንም። ክርክሩ ግን በልጆቹ ላይ ወደቀ።

ማንም ያላነሣውን እኔ ላንሣ። የ2014 ተፈታኞች እነማን ነበሩ? 10ኛ ክፍል እያሉ መጋቢት 2012 ላይ ትምህርት ቤት በኮሮና የተዘጋባቸው ናቸው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የቀረውም በእነሱ ላይ ነው። ቀድሞ ያ ፈተና ወደ መሰናዶ የሚገባውንና ወደ ሙያ የሚሄደውን ይለይ ነበር፤ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው የተለየው ብቻ ነበር። ማጣሪያው ሲነሣ ሁሉም 12ኛ ክፍል ደረሰና የፈተናው በር ላይ ተከማቸ። ስለዚህ «ድሮ እንዲህ ያህል በመቶ ያልፍ ነበር» እያሉ ማወዳደር ልጆቹን መበደል ነው፤ የተፈታኙ ብዛትም፣ የማለፊያው ነጥብም፣ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጧል። በዚያ ላይ ከመካከላቸው የሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤታቸውን ያፈረሰባቸው፣ ወንበሩ ለማገዶ የነደደባቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ላይ ሲወርድ እያየን «ሰነፎች» ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

ወደ ኋላ ደግሞ እንሂድ። በ2002 ዓ.ም. የታችኛው ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማንበብ ችሎታ ሲመዘን ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ12ኛ ክፍል የተፈተኑት የ2014 ልጆች ከዚያ ምዘና ሁለት ዓመት በኋላ እዚያው 2ኛ ክፍል የተቀመጡ ናቸው። አደጋው ገና ያኔ ታውቆ ነበር! በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር! ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በነፃ ይዛወሩ ነበር፤ ማንበብ ያልቻለው ልጅ 4ኛ ክፍል ሲገባ ማንም ተመልሶ ፊደል አያስቆጥረውም። ሳይንሱም፣ ሒሳቡም፣ ታሪኩም በሚነበብ ነገር ይመጣበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ አይማርም።

ይህንን በትንሹ ልጄ አየሁት። መጽሐፉን ከጓደኛው ተውሶ መጥቶ አንድ ገጽ አንበለበለልኝ። ደስ አለኝ። ከገጹ መካከል አንዲት ቃል በጣቴ ነጥዬ «ይህቺ ምን ትላለች?» ስለው ዝም አለ። ከዚያ ከገጹ መጀመሪያ ተነሥቶ በቃሉ እየወረደ፣ በጣቱ እየቆጠረ እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ «ውሃ!» አለኝ። ያላነበበውን ሸምድዶታል። መምህርቷን አልወቅሳትም፤ ሁሉም አብረው ጮክ ብለው ሲሉ እሱም ይላል፣ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል የማን አፍ እንጂ የማን ዓይን እንደሚሠራ በምን ትለየው? አሁን ማታ ማታ ፊደላቱን በካርቶን ቆራርጬ እያማታሁ አስቆጥረዋለሁ። እኔ ቀለም ቀምሻለሁ፤ ይህንን ማድረግ የማትችለዋ እናት ልጅስ? ማን ያውቅለታል? የ12ኛ ክፍል ውጤቱ?

እዚህ ላይ የማይገባኝ ነገር የገንዘቡ አካሄድ ነው። በታች የተበላሸውን በላይ እንጠግናለን። ካላለፉት መካከል ለተወሰኑት ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማካካሻ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከዚያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ይመጣል። እነዚህን እንደ ነገር አልጠላቸውም። ግን በላይኛው እርከን በር ላይ በር ሲጨመር የ1ኛ ክፍል መምህር ጠመኔ ከኪሱ ይገዛል። አዲስ ፈተና ሲመጣ በጀቱም፣ ጥበቃውም፣ መግለጫውም አብሮ ይመጣል። መጽሐፍ ሲሆን ግን ማተሚያ ቤት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ክልል፣ ፌዴራል እየተባለ ኃላፊው ሳይታወቅ ዓመቱ ያልቃል።

«በእኛ ጊዜ» ለሚሉት ታላላቆቼም ልመልስ። በእናንተ ጊዜ፣ በእኔም ጊዜ፣ መጽሐፍ ነበር። መስከረም ላይ ፈርመን እንረከባለን፣ በጋዜጣ ወይም በቆየ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት እንለብደዋለን፣ ሰኔ ላይ ገጹ ተቆጥሮ እንመልሳለን፤ የጎደለ ካለ ወላጅ ይከፍላል። መምህሩም የወር ደመወዙ ቤት ኪራዩን ችሎ ይተርፈው ነበር። የዛሬው መምህር ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይሮጣል፤ ማታ የልጆቻችንን ደብተር በምን ጉልበቱ ያርም? ይህ ሁሉ ተነሥቶ ልጁ ብቻ እንደ ድሮው እንዲያልፍ ይጠበቃል።

ወላጅና መምህር ሳይጠየቁ የሚመጣ ማሻሻያ ምን እንደሚያስከትል አገራችን ያየችው ነው። በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ወሬው ሲወጣ ወላጆች የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው ብለው ሰጉ፤ የካቲት 1966 ላይ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ተሰረዘ። ከጥናቱ ውስጥ የሚጠቅም ሐሳብም ነበረበት ይባላል። ግን ባለቤቶቹ ያልሰሙት ነገር እንዴት ይጸናል? ዛሬም የቴሌቪዥን ውይይት ሲዘጋጅ ፕሮፌሰሩ፣ ባለሥልጣኑና የግል ትምህርት ቤት ባለቤቱ ይጠራሉ። የገጠር የ1ኛ ክፍል መምህርት ተጠርታ አላየሁም። ልጇ መጽሐፍ ያጣባት እናት ተጠርታ አላየሁም። ከተወያዮቹ መካከል ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ስንቱ ይሆን? ልጁ በግል ትምህርት ቤት መጽሐፉን በቦርሳው ሞልቶ የሚመለስለት ሰው፣ የእኔን ልጅ ካርታ ማን ይንገረው?

ስለዚህ የምጠይቀው ይኸው ነው። የሚቀጥለው ውጤት ሲነገር ከመቶኛው ጎን ሌላ ቁጥር ይነገረን። በየወረዳው ስንት ተማሪ አለ፣ ስንት መጽሐፍ ደረሰ፣ የደረሰው በየትኛው ወር ነው? አንድም ልጅ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ሲጠቀሱ ስንቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ስንቱ ቤተ ሙከራ፣ ስንቱ የፊዚክስ መምህር እንደነበረው አብሮ ይገለጽ። የ2ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ መቻላቸው በየዓመቱ ይለካና እንደ 12ኛው ክፍል ውጤት በአደባባይ ይነገር፤ ያኔ ልጆቹ 12ኛ ክፍል እስኪደርሱ ልንደርስላቸው አሥር ዓመት ይቀረናል።

እኛ የአንድ ክፍል ወላጆች የጎደሉትን መጻሕፍት ዝርዝር ጽፈን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በኩል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እያዘጋጀን ነው። ልጁ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚማርለት ሁሉ የልጁን ክፍል፣ ወረዳውንና ያልደረሰውን መጽሐፍ ስም ከዚህ ሥር ይጻፍልኝ። የልጁን ስም አትጻፉ፤ እሱ አያስፈልግም። ዝርዝሩን ሰብስቤ ከደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ።